የእኛ በረኛ፣ የእኛ ዕዳ

በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱሪ ከማሳጠር ይልቅ የጨርቅ ጭምብል በመስፋት ይተዳደር በነበረበት በዚያ የወረርሽኝ ወቅት፣ አመሻሽ ላይ በሬን አንኳኩቶ ገባና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ጉድ ሆነናል፤ ሸጥነው እኮ!» አለኝ። እኔ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንደሚያውቀው፣ «ሸጥነው» የሚል ቃል ከአንድ የዕድር አባል አፍ በምሽት ሲወጣ በመጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ድንኳኑ ነው፤ ቀጥሎ ብረት ድስቶቹ፤ ከዚያ ወንበሮቹ። «ማንን አስፈቅዳችሁ ነው የሸጣችሁት?» ብዬ ከመቀመጫዬ ስነሳ፣ «ማን ጠየቀንና! በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ለአስቶን ቪላ!» ብሎ ግንባሩን መታ። ነገሩ የገባኝ ይህን ያህል የሚያወጣ ድንኳን እንደሌለን ሳስታውስ ነው። የተሸጠው የአርሰናሉ ግብ ጠባቂ ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ ነበር።

«እኛ» የምትለው ቃል በአማርኛ ራሷን ችላ መቆም እንኳ አያስፈልጋትም፤ በግሥ ጭራ ላይ አንዲት «ን» ሆና ትንጠለጠልና ሥራዋን ትሠራለች። ገዛን፣ ሸጥን፣ ተሸነፍን፣ ሁለት ነጥብ ጣልን፣ ውል አራዘምን፣ ዕዳ ገባን። ልብስ ሰፊያችን ለንደንን አይቶ አያውቅም፤ የሱቁን ኪራይም በየወሩ የሚከፍለው ከባለቤቱ ጋር ተከራክሮ፣ ተለማምጦና አንዳንዴም ተደብቆ ነው፤ ሆኖም በዚህች «ን» አማካይነት 60 ሺሕ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ባለድርሻ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔም ልፈርድበት አልችልም፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ማንችስተር ዩናይትድ ነኝ። ልብ በሉ፣ ደጋፊው ነኝ አላልኩም፤ ነኝ ነው ያልኩት።

ኳስ የምናየው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባለቤቱ የዕድራችን አባል ሲሆን፣ አዳራሹ ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው የተንታኙ ድምፅ ስለማይሰማ ትንታኔውን ራሳችን እንሰጣለን፤ በጋ ላይ ደግሞ ድምፁ ቢሰማም ትንታኔውን ራሳችን እንሰጣለን። መቀመጫዎቹ ሰማያዊ የብረት ወንበሮች ናቸው፤ በጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ፣ ስንት ዘመን በተመልካች ጀርባ ተፍቆ የደበዘዘ አንዳች ጽሑፍ አለባቸው። ምቾታቸው እዚህ ግባ ባይባልም ጥንካሬያቸው የሚመሰገን ነው፤ አርሰናል ጎል ባገባ ቁጥር አሥራ አምስት ሰው ዘሎ ቆሞባቸው አንድም እግር ተሰብሮ አያውቅም። አርሰናሎች በግራ፣ እኛ በቀኝ፣ ሊቨርፑሎች ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቼልሲዎች በበሩ አጠገብ እንቀመጣለን። ቼልሲዎች በሩ ላይ የተቀመጡት ሮማን አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ክለቡን ከገዛ በኋላ በጅምላ የመጡ ስለሆኑና ሌላ ቦታ ስላልተረፈ ነው። የማንችስተር ሲቲ ደጋፊዎች አራት ናቸው፤ በጎል ብዛት አብዝተው አይጮኹም፣ በዋንጫም አይደነቁም፤ ስለዚህም በሰፈሩ ውስጥ በጥርጣሬ የሚታዩ ሰዎች ሆነው ቀርተዋል።

ከክርክሮቻችን ሁሉ የማያልቀው የበረኛ ክርክር ነው። ጋዜጣ «ግብ ጠባቂ» ይለዋል፤ እኛ ግን በረኛ እንለዋለን፤ ቃሉም ከሥራው ጋር የቆየ ቀልድ አለው። የጥንቱ የመኳንንት ግቢ በረኛ የሚወቀሰው ደጅ ጠኚውን አላስገባም በማለቱ ሲሆን፣ የኳሱ በረኛ ግን የሚወቀሰው በማስገባቱ ነው። አጥቂ አምስት ያለቀለት ዕድል ስቶ ስድስተኛውን ቢያገባ ጀግና ተብሎ ይሸኛል፤ በረኛ አምስት አድኖ ስድስተኛው ካለፈው እናቱ ሳትቀር ትነሳለች። በአዳራሻችን ሕግ መሠረት በረኛ ይቅርታ የለውም፤ ኃጢአቱም በይርጋ አይታገድም። የጣሊያኑ ማሲሞ ታይቢ እ.ኤ.አ. በ1999 ለእኛ የተጫወተው አራት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሳውዝሃምፕተኑ ማት ለ ቲሲየር ወደ እሱ የላካት፣ ከመዝገሟ የተነሣ ሕፃን በእጁ ሊያቆማት የሚችል ኳስ በእግሮቹ መካከል አልፋ የገባችበትን ያን ከሰዓት፣ በጊዜው ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ እንዳዩት አድርገው ይተርኩታል። የሊቨርፑሉ ሎሪስ ካሪዩስም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በኪየቭ ለሪያል ማድሪድ የሰጣቸው ሁለት ጎሎች በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ እንደ ሙት ዓመት ይታሰባሉ።

አርሰናሎች ግን በበረኛ የተፈተነ ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በፓሪስ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ገና በ18ኛው ደቂቃ የንስ ሌማን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተቀያሪውን በረኛ ለማስገባት ሮበር ፒሬስ ተሠዋ፤ ባርሴሎናም 2 ለ 1 አሸነፈ። «ፒሬስ ለምን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ በአዳራሻችን እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ሁለት አብረው ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ለሦስት ወር ተኳርፈው፣ ዕጣው ለአንዱ ሲደርስ ሌላው በልጁ በኩል ነበር የላከለት። ማርቲኔዝም አሥር ዓመት ሙሉ ከክለብ ክለብ በውሰት ሲንከራተት ኖሮ፣ በተሸጠ በሁለት ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሊያበቃ ሴኮንዶች ሲቀሩት የፈረንሳዩን ኮሎ ሙዋኒን ኳስ በግራ እግሩ አድኖ አርጀንቲናን ሻምፒዮን አደረገ። ያን ምሽት ሁሉም ስለ ሜሲ ሲጮኽ ልብስ ሰፊው ብቻውን ጥግ ይዞ «ሸጥነው እኮ» እያለ ነበር። በማርቲኔዝ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2021 ራምስዴል መጥቶ ነበር፤ አርሰናሎችም ወደዱት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዴቪድ ራያ ከብሬንትፎርድ በውሰት መጣ። ለውሰቱ 3 ሚሊዮን፣ በኋላም ለመግዛት 27 ሚሊዮን ፓውንድ የሚል ውል ነበር። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። «ቤት ውስጥ ደህና ምጣድ እያለ ከጎረቤት ምጣድ መዋስ ምን ይሉታል?» ያሉ ነበሩ፤ ራያ በዚያው ዓመት በ16 ጨዋታዎች መረቡን ሳያስደፍር የሊጉን የወርቅ ጓንት ሽልማት ሲወስድ ግን፣ ከእነዚሁ ሰዎች መካከል የተዋሰውን ምጣድ ያመጣሁት እኔ ነኝ ያላለ አልተገኘም።

የቼልሲው ኬፓ ነገር ለየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ71.6 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በጊዜው በዓለም ውዱ በረኛ ሆኖ መጣ፤ በቀጣዩ የካቲት በዌምብሌይ በሊግ ካፕ ፍጻሜ አሰልጣኙ ማውሪዚዮ ሳሪ ሊቀይረው ሲጠራው በእጁ «አልወጣም» ብሎ ከሜዳ ቀረ። ተቀያሪው ለብሶ መስመሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ፤ አሰልጣኙ ስታዲየሙን ጥሎ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። በአዳራሻችን ያሉ አንድ አዛውንት ይህን አይተው፣ «ይህ ልጅ በእርግጥ ስፔናዊ ነው? ወንበር አለመልቀቁን ሳየው የእኛ አገር ሰው መስሎኝ ነበር» አሉ።

የራሴን ሐዘን ደብቄ የሌላውን ብቻ እንዳልዘረዝር፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 2021 በፖላንድ ግዳንስክ የሆነውን ልናገር። ከቪያሪያል ጋር በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ 120 ደቂቃ ተጫውተን አንድ ለአንድ ወጣንና ወደ መለያ ምት ሄድን። የእነሱ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች መቱ፤ አሥራ አንዱም አገቡ። የእኛ አሥር አገቡ። አሥራ አንደኛው መቺ በረኛችን ዴቪድ ዴ ኼያ ነበር፤ መታ፤ የእነሱ በረኛ ያዘበት። አንዲት እንኳ ሳያድን፣ ያችኑ የራሱን ሳተ። ያን ምሽት ወደ ቤቴ በየት መንገድ እንደ ሄድኩ አላስታውስም፤ ብዙ ነገር እንደ ረሳሁ ግን በኋላ ሊነገረኝ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ጭካኔ ለራሳችን ልጆች ሲሆን መጥፋቱ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለእ.ኤ.አ. 2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ በወቅቱ ሻምፒዮን ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው ተጫውተን በአዳነ ግርማ ጎል አንድ ለአንድ ወጣን። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ሌላው በረኛ በቀይ ወጣ፤ ቅያሬ ስላለቀ አንድ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ሊያድን ቆመ፤ እርግጥ አላዳነም። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ካርድ! ይህ በአርሰናል ላይ ደርሶ ቢሆን ልብስ ሰፊያችን መኪናውን ሸጦ ገዳም በገባ ነበር። እኛ ግን ያን ጥር ማንንም አልወቀስንም፤ ባንዲራ ለብሰን ስንጨፍር ነው ያነጋነው። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ሰው ጨክኖ የሚናገረው በማይሰማው በረኛ ላይ መሆኑን ብቻ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአዳራሻችን የፋይናንስ ባለሥልጣን ከባንክ በሒሳብ ሹምነት ጡረታ የወጡ የቼልሲ ደጋፊ ናቸው። የቼልሲን ሒሳብ የሚያስረዱን በቆርኪ ነው፤ ከለስላሳ ጠርሙስ የለቀሟቸውን ቆርኪዎች በጠረጴዛው ላይ ይደረድሩና፣ ኤንዞ ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ለምን የስምንት ዓመት ተኩል ውል እንደ ተሰጠው ይተነትናሉ። ዋጋው ለውሉ ዓመታት ስለሚካፈል፣ በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ የሚታየው 12.6 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ በአምስት ዓመት ቢካፈል ኖሮ ከ21 ሚሊዮን በላይ በሆነ ነበር። «ስለዚህ ዕዳ አይደለም፤ የተከፋፈለ ወጪ ነው» ብለው ቆርኪዎቹን በክብር ይሰበስባሉ። ልብስ ሰፊው ይህን በሰማ ማግሥት ወደ ባለ ሱቁ ሄዶ፣ በዱቤ መዝገቡ ላይ ያለበትን የዘይትና የስኳር ሒሳብ በስምንት ዓመት ተኩል አካፍሎ እንዲጽፍለት ጠየቀ። ባለ ሱቁ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ድሮ ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ፕሪሚየር ሊጉ በአምስት ዓመት ገድቦታል» ብሎ መለሰው። ሱቅ ውስጥ ሌላ ምንም አልተገዛም።

የሒሳብ ሹሙ የሚከበሩት እንዲህ ያለውን ነገር በትዕግሥት ስለሚያስረዱ ነው። በጊዜው በነበረው የሊጉ ሕግ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር እንደማይፈቀድለት፣ ኤቨርተን ይህን በመተላለፉ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሥር ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ ስድስት እንደ ወረደለት፣ ቼልሲ ደግሞ ሁለት ሆቴሎቹን በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለእህት ኩባንያው ሸጦ ሒሳቡን እንዳስተካከለ የተማርነው ከእርሳቸው ነው። «ከግራ ኪሱ አውጥቶ ወደ ቀኝ ኪሱ ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኪሶቹ የተለያየ ሱሪ ላይ ናቸው» አሉኝ። እኔን በተመለከተ የሚሉት ግን ሆዴን ያባባዋል። የግሌዘር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2005 ማንችስተር ዩናይትድን 790 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ አውጥቶ ሲገዛ ትልቁ ክፍል ብድር ነበር፤ ዕዳውም በራሱ በክለቡ ላይ ተጫነ። «ሰው ቤትህን በቤትህ ካርታ ተበድሮ ገዝቶህ፣ አንተ ተከራይ ሆነህ ወለዱን ትከፍላለህ፤ በዚያ ላይ ደግሞ ማልያውን እየለበስክ ትጨፍራለህ» ይሉኛል። ልብስ ሰፊው በዚህ ሲስቅ አይቼ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአርሰናል ክንድ ላይ «ሩዋንዳን ጎብኙ» ተብሎ የተጻፈውን እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። ከመርካቶ የገዛትን፣ ትከሻዋን ራሱ ያጠበባትን ማልያ ለብሶ ሰባት ዓመት ሙሉ ኪጋሊን ሲያስተዋውቅ የኖረ ሰው፣ ላሊበላን እንኳ አላየም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ የሦስት ክለቦችን ወለድ በቃሉ ከሚያውቅ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል፣ «ገንዘብ ያዥ፣ የዕድራችን ሒሳብ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልቀሰቀስኳቸውም፤ የተኛ ኦዲተር አይቀሰቀስም።

ስለ አሰልጣኞች ብዙ አልናገርም፤ በአዳራሹ ካለነው ሰዎች ውስጥ አሰልጣኝ ያልሆነ ስለሌለ ርእሱ ለራሳችን ምስጋና ይሆንብናል። ዴቪድ ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ተሰጥቶት በአሥር ወር ሲባረር፣ ክላውዲዮ ራኒየሪ ሌስተርን ሻምፒዮን ባደረገ በዘጠኝ ወሩ ሲሰናበት፣ እኛ ከወር በፊት ወስነን ነበር። አርሰን ቬንገር 22 ዓመት ሲቆይ ግን አርሰናሎች በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያላደረጉት የለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ዚምባብዌ ውስጥ ሮበርት ሙጋቤ ይውረዱ ብሎ በወጣው ሰልፍ መሐል እንኳ «ቬንገር ይውጣ» የሚል ጽሑፍ የያዘ ሰው ታይቷል። ሙጋቤ በቀናት ውስጥ ወረዱ፤ ቬንገር እስከ ግንቦት ቆየ። የዕድራችን ሊቀመንበር ከተመረጡ 23 ዓመታቸው ነው። ቬንገርን አልፈዋል፤ አሌክስ ፈርጉሰንን ለመድረስ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ይውጡ ያላቸው የለም።

ሊቀመንበሩ እንዲህ የቆዩት ብልህ ስለሆኑ ነው። የዕድር ስብሰባ እሁድ እየተጠራ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ሲበተን ሁለት ዓመት ታዘቡና፣ ኳስ የማያዩት ሰው የፊፋን የጨዋታ መርሐ ግብር ከልጅ ልጃቸው አስጽፈው በግድግዳቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ጉባኤያችን የሚጠራው ሊጎቹ ለአገራት ጨዋታ በሚቋረጡበት ሳምንት ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሰፈሩ ይለወጣል፤ አባወራዎች ቅዳሜ በቀን ወደ ቤት ይገባሉ፤ ሚስቶች ምን እንደ ተፈጠረ ይጠይቃሉ፤ የተበላሸ ቧንቧ ይጠገናል፤ ልጆች ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ይታወቃል።

የወዳጅነት ጨዋታ የሚባለው ነገር አርሰናልንና ማንችስተርን በአንድ ድምፅ የሚያናግር ብቸኛው ጉዳይ ነው፤ ሁላችንም እንጠላዋለን። ልብስ ሰፊው፣ «የራሱ አገር ማሊያ ለብሶ ሊጫወት ነው ብለን የእኛን ልጅ በነጻ እንልካለን፤ አንካሳ አድርገው ይመልሱልናል» ይላል። ብራዚል የአርሰናሉ ተከላካይ የገብርኤል ማጋሊያይስ አገር መሆኗን ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ የሚሰማኝ አልመሰለኝም። ወዳጅነቱ ግን የራሳችን ሲሆን ሌላ ነው። የእኛ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ ለዓመታት «በሜዳቸው» ይጫወቱ የነበረው በሰው አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የልብስ ሰፊው ተለማማጅ ልጅ ሮጦ መጥቶ «በሜዳችን ረታናቸው!» ሲለን፣ አንዱ «ሜዳችን የት ነው?» አለው። «ማላዊ» አለ ልጁ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋልያዎቹ ከጉያና ጋር ለወዳጅነት በአሜሪካ ቨርጂኒያ ተጫወቱ። እዚያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደውሎ፣ ከቤቱ በመኪና ቅርብ እንደ ሆነና ቤተሰቡን ይዞ እንደሚሄድ ነግሮኝ፣ «በረኛችን ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ስልኩን ይዤ አዳራሹን ዞርኩ። የአርሰናልን ሦስተኛ በረኛ የሚያውቁ አሥራ አንድ ሰዎች አገኘሁ።

እንግዲህ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ብራዚልና ሴኔጋል ለንደን ውስጥ የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ፤ ያውም በአርሰናል በራሱ ስታዲየም። ለብራዚል ያገቡት የቼልሲው ኤስቴቫኦና የማንችስተሩ ካሴሚሮ ነበሩ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ተጎድቶ የወጣው ደግሞ የአርሰናሉ ገብርኤል ነበር። ሰው በራሱ ሳሎን ሌሎች ድግስ ደግሰውበት፣ እንግዶቹ በልተው ሲሄዱ የቤቱ ልጅ እግሩን ተሰብሮ እንደ መገኘት ያለ ነገር ነው። በማግሥቱ እሁድ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤው ሲከፈት ሊቀመንበሩ የግራውን ረድፍ ፊት አይተው ደነገጡና፣ «ልጆቼ፣ ሳንሰማ ሐዘን ደርሶባችሁ ኖሯል?» ብለው ጠየቁ። ልብስ ሰፊው ተነሥቶ፣ «ተከላካያችን ነው፣ አባባ» አለ። ሊቀመንበሩ «ነፍስ ይማር» ብለው ወደ አጀንዳው አለፉ።

ሪፖርቱን እኔ አነበብኩ። ገቢ፣ ወጪ፣ መዋጮ ያልከፈሉ፤ ማንም ቀና አላለም። ችግሩ የመጣው የንብረት ዝርዝሩ ላይ ስንደርስ ነው፤ 120 የብረት ወንበር ይላል፣ በዕቃ ቤቱ ያለው ግን 80 ነው። ጉባኤው ድንገት ነቃ። የዕቃ ቤታችን ጠባቂ ከበሩ የማይለዩ፣ ኳስ የሚባል ነገር ዓይተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ታዲያ ቤቱ ሁሉ ሃያ ዓመት የተለማመደውን ቋንቋ በእርሳቸው ላይ አወረደው። «አርባ ሲያልፍበት ዝም የሚል በረኛ እንዴት ይኖረናል?» አለ አንዱ። «ቦታ አያያዝ ነው ችግራቸው፤ ከመስመሩ ቀድመው መውጣት ነበረባቸው» አለ ሌላው። ወጣት በረኛ እናስመጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ድጋፍ አገኘ። የሒሳብ ሹሙ ቆመው፣ አርባዎቹን ወንበሮች ለእህት ዕድር ሸጠናቸው እንደ ሆነ መጣራት እንዳለበት አሳሰቡ። ሽማግሌው ሁሉንም ጸጥ ብለው ሰሙና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አወጡ። «እኔ ያለ ወረቀት ምንም አላወጣም» ብለው ለሊቀመንበሩ ሰጧቸው።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። «አርባ ወንበር፣ ለአንድ ምሽት፣ ለኳስ ማያ አዳራሽ፣ በውሰት። ግንቦት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.» ካሉ በኋላ ወረቀቷን ወደ ብርሃን አቅርበው ፊርማውን ለዩ፤ ከዚያም ቀና ብለው አዩኝ። የግዳንስኩ ምሽት ነበር። ከሰዓት በኋላ በደስታ የፈረምኩትን፣ ሌሊት በሐዘን ረስቼው ነው። በጉባኤው ላይ እንደ ነፋስ ያለ ነገር አለፈ፤ እያንዳንዱ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ጀርባውን የሚያሳርፍበትን ሰማያዊ ብረት፣ በላዩ ያለችውንም የደበዘዘች ነጭ ጽሕፈት በልቡ ሲያነብ ታየኝ። የአዳራሹ ባለቤት ጣሪያውን ይመለከት ነበር።

የተከተለው ክርክር ሁለት ሰዓት ወሰደ፤ እኔ ቃለ ጉባኤውን እየያዝኩ ስለ ነበር ሁሉንም አልጻፍኩትም። ወንበሮቹ ዛሬውኑ ይመለሱ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሊጉ እንደሚጀምርና ቆሞ ማየት ለአዛውንቶች እንደሚከብድ ተነሣ። ባለቤቱ ይክፈል ሲባል፣ የመግቢያውን ዋጋ እንደሚጨምር ገለጸ። የሒሳብ ሹሙ ውሰቱ የመግዛት አማራጭ የነበረው እንደ ሆነ ጠየቁ፤ አልነበረውም። በመጨረሻም ውሰቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ እስኪያልፍ እንዲራዘም፣ ገንዘብ ያዡም ለወደፊቱ እንዲጠነቀቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሰዉ ሲበተን ሽማግሌውን በበሩ ላይ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ያን ዕለት በረኛችን እንዴት እንዳዋረደን፣ አሥራ አንድ ምት ተመትቶ አሥራ አንዱም እንደ ገባ፣ በዚያ ምክንያት ወንበሩን እንደ ረሳሁ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እሱም በረኛ ነው?» አሉ።

«አዎን፣ አባባ።»

«አሥራ አንዱንም አሳለፈ?»

«አሥራ አንዱንም።»

ጥቂት አሰቡና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ወደ ኪሳቸው እየከተቱ፣ «በማን ፊርማ?» አሉኝ።